በጴጥሮስ ቃል የተዘጋ ደጅ

«ራሱ ይምጣ» አሉ ቄስ ሀብተ ሚካኤል... ቀና ብለውም አላዩ።

ለሽምግልና የመጡት ጎረቤታቸው አያ ያርጋል ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። ይህን መልስ ሲሰሙ ሦስተኛቸው ነው።

ከመጋረጃው ወዲያ የቄሱ ባለቤት እማማ ሸጊቱ ተኝተዋል። ሐሙስ ለቀዶ ሕክምና ጎንደር ሊወሰዱ ነው። ሐኪሙ ብዙ ተስፋ አልሰጠም።

እሳቸው የለመኑት አንድ ነገር ብቻ... ከመሄዳቸው በፊት ልጃቸውን ቃለ አብን ማየት።

ቤታቸው ዳባት ዳር ነው። ልጁ የሚኖረው ደባርቅ። በሚኒባስ ስንት ያስኬዳል? ግን ስምንት ዓመት ሙሉ ደጃቸውን አልረገጠም።

ሰፈሩ ስለ እሱ የማይለው አልነበረም። ፈረንጅ ተራራ እያወጣ ልቡ ከተራራው በላይ ሆነ... እናቱ ስትማቅቅ እሱ በበቅሎ ይንሸራሸራል...

እውነቱን ለመናገር እኔም ብያለሁ።

የሆነው እንዲህ ነው።

በ1999 ዓ.ም. ቃለ አብ ዲያቆን ነበር። አባቱ ድረውት ቅስና እንዲቀበል ሚስት ይፈልጉለት ነበር። አንድ እሑድ፣ ቅዳሴ ሳይገባ፣ አባቱን ለብቻ ጠርቶ ከእንግዲህ መቅደስ መግባት እንደማይችል ነገራቸው። እየሩስ የምትባል ልጅ አርግዛለታለች።

ቢደብቀው የሚያውቅ አልነበረም። አልደበቀም።

ቄሱ እዚያው ደጀ ሰላሙ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ መስቀላቸውን አንስተው ገዘቱት።

«በጴጥሮስ በጳውሎስ ቃል ገዝቼሃለሁ። ደጄን እንዳትረግጥ። ፊቴ እንዳትቆም።»

ካህን የገዘተው ሰው ራሱ ካህኑ እስኪፈታው ድረስ የታሰረ ነው። ይህን የእኛ አገር ሕፃን ሁሉ ያውቃል።

አውቀነው ነው የረሳነው...

አያ ያርጋል ቅዳሜ ደባርቅ ወጡ። ክረምት ስለሆነ ቱሪስት የለም፤ ቃለ አብን ቤቱ በር ላይ የበቅሎ ኮርቻ ሲሰፋ አገኙት። ሳይቀመጡ ወረዱበት። እናትህ እየሞተች አንተ ጠፍር ትሰፋለህ፣ የማን ዘር ነው እንዲህ ድንጋይ ያደረገህ አሉት።

ልጁ መርፌውን አስቀመጠ።

«አያ ያርጋል... ይቅርታ ልለምን ደጃቸው ብሄድ ግዝቱን አፈረስኩ። ባልሄድ ትዕቢተኛ ነኝ። እስቲ ይንገሩኝ፣ በየት በኩል ልግባ?»

አያ ያርጋል ያኔ አጠገቡ ተቀመጡ።

ሽማግሌ እንዲላክ በእናቱ በኩል የለመነው ለካ ልጁ ነበር... ሦስቱንም ጊዜ። እናቱም እግራቸው ሳይደክም በፊት ገበያ አሳብበው ደባርቅ እየመጡ ያዩት ነበር። ከተኙ ሁለት ዓመት ሆናቸው። ሁለቱን ዓመት አላያቸውም።

በማግስቱ ሐምሌ አምስት፣ የጴጥሮስና የጳውሎስ ዕለት ነበር። ቄስ ሀብተ ሚካኤል ቀድሰው፣ አስተምረው ወደ ቤታቸው ሲገቡ አያ ያርጋል ጠብቀው የልጁን ቃል እንዳለ ነገሯቸው።

ቄሱ ቆመው ቀሩ።

«ፊቴ እንዳትቆም ብዬው ነበር?»

ብለውታል። ያሰረው ረስቶታል፤ የታሰረው ግን እያንዳንዷን ቃል ይዟታል።

መጋረጃውን ገልጠው ወደ ሚስታቸው ዞሩ።

«አንቺ እንዲህ ማለቴን ታውቂ ነበር?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ስንቴ ነገርኩዎ... መቼ ያስጨርሱኛል።»

እማማ ሸጊቱ ትንፋሻቸውን ሰብስበው ጠየቁ።

«ዛሬ ስለ ማን አስተማሩ?»

«ስለ ጴጥሮስ።»

«ስንት ጊዜ ነው ጌታውን የካደው?»

«...ሦስት።»

«የእኔ ልጅ የወደቀው አንዴ ነው። እሱንም ራሱ መጥቶ ነገረዎ። ጴጥሮስን እኮ ያስታወሰው ዶሮ ነው።»

አያ ያርጋል ሳቃቸው ሊያመልጣቸው ሲል አፋቸውን በጋቢያቸው ያዙ።

ቄሱ አልሳቁም። ልብሰ ተክህኖ ካወለቁ ገና ሰዓት አልሞላም፤ መስቀላቸውን ይዘው በዝናቡ ወጡ።

ደባርቅ ሲደርሱ ቃለ አብ በሩ ላይ ነበር። አባቱን አየ።

ቶሎ ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

መንገደኛው ቆመ። ይኼ ባለጌ፣ ለአባቱ ጀርባውን ይሰጣል? ብለው ያጉረመረሙ አሉ።

ቄሱ ግን ገባቸው... ልጁ ፊታቸው ላለመቆም ነው።

እዚያው ጭቃው ላይ ቆመው መስቀሉን በጀርባው ላይ አሳረፉ።

«እግዚአብሔር ይፍታህ። ዙር ልጄ... እኔንም ይፍታኝ።»

ዞረ። ከዚያ በኋላ የተባባሉትን የሰማ የለም።

ከበሩ ውስጥ አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ታያቸዋለች። የልጅ ልጃቸው ናት... ግን ስሟን መጠየቅ ነበረባቸው። አመተ ማርያም አለቻቸው።

እማማ ሸጊቱ እስከ ሐሙስ ድረስ ልጃቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው ቆዩ። ጎንደርም የወሰዳቸው እሱ ነው።

እሳቸው ግን በሕይወት አልተመለሱም።

ስምንት ዓመት ባክኖ አራት ቀን ተገኘ።

እኔ ከዚህ የተማርኩት...

መጽሐፍ ቅዱስ የዳዊትን ኃጢአት አልሸሸገም። የጴጥሮስን ክህደት ጻፈ። ጳውሎስም እስጢፋኖስ በድንጋይ ሲወገር የወጋሪዎቹን ልብስ ይጠብቅ እንደነበር ራሱ መሰከረ። ወድቀው የተነሡ ናቸው። እኛ ደግሞ በእነሱው ስም የወደቀውን እንዳይነሣ እናስረዋለን።

ልጅህን ቅጣ... ይቅርታ የሚጠይቅበትን መግቢያ ግን ተውለት። ራስህ ዘግተህበት «ለምን አልመጣም» አትበል። ለቤትም ለቤተ ክርስቲያንም ያው ነው።

እስቲ እናንተስ ምን ትላላችሁ... አባትና ልጅ ሲኳረፉ ቀድሞ መሄድ ያለበት የበደለው ነው ወይስ በሩን የዘጋው?