ያልቆጠቆጠው ዓይን

ወይዘሮ ጥሩወርቅ አሰላ ድረስ የመጡት ለመርታት ነበር። ከሳጉሬ ገበያ የገዙትን የዓይን ጠብታ የልጅ ልጃቸው ቤርሳቤህ "ይመርመር" ብላ ወስዳባቸው ነበርና፣ ከምትሠራበት ቤተ ሙከራ ገብተው አጠገቧ ተገተሩ። በሁለት ትንንሽ ስኒዎች የሰው ዓይን ሽፋን እንዲመስል ያደገ ሕያው ሥጋ ተቀምጧል። አንዱን ውኃ፣ አንዱን ጠብታው ነክቶታል፤ ከዚያ ሁለቱም ላይ ቢጫ ቀለም ፈስሷል። በሕይወት ያለው ቀለሙን ወይን ጠጅ ያደርገዋል። ውኃ የነካው ወይን ጠጅ ሆነ። ጠብታው የነካው ቢጫ እንደሆነ ቀረ።

"ሞቷል፣ እቴቴ።"

"ምላስሽን ሰብስቢ! ስኒ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ዓይን የሆነው? ብልቃጡን ብትወስጂብኝም ግማሹን ቀድቼ አስቀርቼዋለሁ። መጀመሪያ በገዛ ዓይኔ ሞከርኩት፤ ቅንጣት አልቆጠቆጠኝም። ከዚያ ለወንድምሽ ልጅ አደረግሁለት። ሲንጨረጨር የከረመው ሕፃን ይኸው ዛሬ ጭጭ ብሏል!"

ቤርሳቤህ ፊቷ አመድ መሰለ። "በየትኛው ዓይንዎ?"

"በግራው።" ሞራ የጋረደው፣ ማየት ከተወ የቆየው ዓይናቸው ነበር።

ቤርሳቤህ ከጥጥ ላይ ቀጭን ክር መዘዘች፤ "ዓይንዎን በዚህ ልነካው ነው" ብላ አገጫቸውን ይዛ ጎንበስ አለች። አሮጊቷ እንደ ጅብራ ተገትረው ጠበቁ፤ ጠበቁና ሰለቻቸው።

"ምን ታስጠብቂኛለሽ? ንኪውና ይለይልሽ!"

"ነክቼዋለሁ፣ እቴቴ። አሁንም ብሌንዎ ላይ ነው። የሞተ ዓይን አይቆጠቁጥም።"

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ዓይናቸውን አላርገበገቡም።

"ለነወንድምሽ ደውዪላቸው" አሉ በቀጭን ድምፅ። "ሕፃኑን ይቀስቅሱት። ያልቅስ በያቸው።"