ፊት የማይረሳው ካሜራ

አማቷ ሱፐርማርኬቱ በር ላይ ቆመው፣ «እዚሁ ልጠብቅሽ ልጄ፤ እኔ እንዲህ ያለ ቤት ገብቼም አላውቅ» ብለው ነበር። እሷ ግን ክንዳቸውን ይዛ አስገባቻቸው። የሁዳዴ ጾም ተጋምሷል፤ የመጡትም ለሽሮ የሚሆን ዘይት ለመግዛት ብቻ ነው።

ገንዘብ ተቀባይዋ ጋ ሲደርሱ ከላይ የተሰቀለው ካሜራ የምራቲቱን ፊት አየ። ስክሪኑ ፎቶዋን አወጣና ጮክ ብሎ ተናገረ፦

«እንኳን በደህና ተመለሱ! የሚወዱት ሞርታዴላ ዛሬም አለ።»

ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። አማቷ በሰፈሩ ሁሉ «ከእኔ ምራት በላይ ጿሚ የት አለ?» እያሉ የሚኮሩባት ናት።

«ከሌላ ሰው ጋር አምታቶኝ ነው» አለች።

«አይሳሳትም» አለች ገንዘብ ተቀባይዋ ቀና ሳትል። «አንዴ ያየውን ፊት አይረሳም።»

«ፊቴን መዝግቡ ያላችሁ ማን ነው?»

«ማስታወቂያው በሩ ላይ ተለጥፏል እኮ፣ እትዬ።»

ከኋላዋ የቆሙት አማቷ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ‘እኔን ማየት አስጠልቷቸው ነው’ አለች በልቧ፤ እንባዋ መጣ።

«እማዬ፣ ይቅር ይበሉኝ…» ስትል የዘይቱ ጀሪካን ከእጇ ሊያመልጣት ሆነ። አማቷ ደንግጠው ሊይዙላት ዘወር ሲሉ ነጠላው ከፊታቸው ላይ ወረደ።

ስክሪኑ የአማቷን ፎቶ አወጣ።

«እንኳን በደህና ተመለሱ! የሚወዱት የእንጆሪ እርጎ ዛሬም አለ።»