የኪዩማርስ ፊት

ኡስታድ ሁርሞዝ በወጣትነቱ የንጉሥ ሐውልት ቀርጾ ነበር። አብዮቱ ሲመጣ ሕዝቡ በገመድ ጎትቶ ጣለው። ሌሎቹም ሐውልቶቹ ተራ በተራ ቀለጡ። ሥዕሎቹን የገዙት ሀብታሞች አገር ጥለው ተሰደዱ፤ ሥዕሎቹም የት እንደገቡ አልታወቀም። እሱ ግን አልተሰደደም። የቀሩትን ሥዕሎች ጭኖ በሉሬስታን ተራሮች ሥር ወዳለችው የትውልድ ከተማው ተመለሰ፤ ከእህቱ ከማህላቃ ጋር እየኖረም የሱቅ ማስታወቂያ መጻፍ ጀመረ።

«ዓይኔ እስካለ ምን ቸገረኝ?» ይል ነበር። እውነቱን ነው። በሠላሳ ዓመት ሥራው «አልመሰለም» ያለው ሰው አልነበረም።

ከጎረቤት አገር ጋር በተነሳው ጦርነት ስድስተኛ ዓመት የማዘጋጃ ቤቱ ሹም አጋ ሙርተዛ በሩን አንኳኳ። ግንባር ላይ አንድ ምሽግ በመድፍ ተደርምሶ በውስጡ የነበሩት ሁሉ አልቀዋል፤ አስከሬን እንኳ አልተገኘም። ከሟቾቹ አንዱ ኪዩማርስ ነው፤ ከድንበር ከተማዋ ከኾራምሻህር ተፈናቅላ ከተማው ውስጥ የተጠጋች የአንዲት መበለት ልጅ።

«መናኸሪያው በር ላይ ከነሐስ እናቆምለታለን። የሚወጣ የሚገባው ሁሉ ይየው» አለ ሙርተዛ።

«ፎቶ አለው?»

«እናቱ የላትም። ቤታችን ሲቃጠል አብሮ ነደደ ትላለች። ይቺን ከጦር ክፍሉ አገኘን።»

ፎቶዋ የአውራ ጣት ጥፍር ታክላለች። ለሁርሞዝ ግን በቃችው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጭቃው ፊት ሆነ፤ ሊናገር የደረሰ ፊት። እናቲቱን አስጠራት።

ታጅማህ ኻኑም ገብታ ጭቃውን ስታይ የበሩን መቃን ያዘች።

«ይሄ የኔ ልጅ አይደለም» አለች።

«ፎቶው እኮ፣ እህቴ...»

«ፎቶውን የተነሳው ታሞ ነው። እኔ ወልጄው ፎቶ ይንገረኝ? አፍንጫው ሰፋ ይላል፣ ኡስታድ።»

ሁርሞዝ አፍንጫውን አሰፋው። በሳምንቱ መጥታ አገጩ አጠረ አለች። ቀጥሎ ግንባሩ፣ ቀጥሎ የዓይኑ አቀማመጥ። እሷ በመጣች ቁጥር ጭቃው ከፎቶው እየራቀ ሄደ።

«ሴትዮዋ አእምሮዋን ስታለች» አለች ማህላቃ። «አንድ ቀን ስታለቅስ አይተሃታል? እንባዋ ወደ ውስጥ ፈስሶ ነው ያበላሻት። አትስማት፣ ወንድምዓለም!»

«እናት የልጇን ፊት አትስትም» አለ ሁርሞዝ። «የሳትኩት እኔ ነኝ።»

ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄደ። ሐኪሙ «ዓይንዎ የጎረምሳ ነው» ቢለው አላመነውም። ወሬው ሻይ ቤት ደርሶ ኖሮ አንዱ ተነስቶ፣ «ኡስታድ፣ በሞቴ የኔንም ይሥሩልኝ! አማቴ መንገድ ላይ እንዳታውቀኝ!» አለው። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሁርሞዝ ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ።

በሰባተኛው ጊዜ ታጅማህ ኻኑም ጭቃውን ዞራ ዞራ አየችው።

«አሁን ልጄ ነው» አለች። ጎንበስ ብላ ጭቃ የተለወሰውን የሁርሞዝን እጅ ሳመች። «ይቅር ይበሉኝ፣ ኡስታድ።»

«ኧረ ምን በደሉኝና?» አላት።

የምረቃው ቀን መጋረጃው ሲገለጥ ሙርተዛ ነሐሱን አየ፤ በእጁ የያዛትን ፎቶም አየ።

«ይሄ ደግሞ ማነው?» አለ በሹክሹክታ። «ምነው ኡስታድ! እጅዎ ከዳዎት እንዴ?»

ሕዝቡ አጉረመረመ። ያን ጊዜ ታጅማህ ኻኑም ሐውልቱ እግር ሥር ተደፍታ፣ «ልጄ! ልጄ!» እያለች ጮኸች። ከተማው ስታለቅስ ሲያያት የመጀመሪያው ነበር። እናት ልጄ ነው ካለች ማን አይደለም ይላል? ነሐሱ በቆመበት ቀረ።

ሁርሞዝ ቤቱ ገብቶ ምድር ቤት ያስቀመጣቸውን ሥዕሎቹን አወጣ። አንድ በአንድ ግድግዳ ላይ አስደግፎ ሲያያቸው ዋለ።

«ለካ ሁሉም እንዲህ ነበሩ» አለ። «ሰው አፍሮኝ ነው ዝም ያለኝ።»

ግቢው ውስጥ ቆልሎ እሳት ለቀቀባቸው። ማህላቃ እጁ ላይ ተንጠለጠለች።

«የእማዬን እንኳ ተው! እሷን እንኳ!»

አልተወም።

ከዚያ ወዲህ ብሩሽ አልነካም፤ ጭቃም አልለወሰም። ሰው ሲያናግረው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞር ነበር። የመጀመሪያው በረዶ የጣለ ዕለት ሞተ። ዛሬ በምድር ላይ የቆመለት ሥራ ያ ነሐስ ብቻ ነው፤ መንገደኛም ቆም ብሎ «የማን ፊት ነው?» ይላል።

ሐውልቱ በተመረቀ በሦስተኛው ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ታጅማህ ኻኑም ቤቷ ሸሽጋ ያቆየችውን የኪዩማርስን እጅ ይዛ በነሐሱና በመናኸሪያው ዘበኞች መካከል አሳልፋ ወደ ድንበር በሚሄደው አውቶቡስ አሳፈረችው።