የአንባቢ እርማት

አሸባሪዎች ሚኒስትር የሚገድሉበት ልብ ወለዴ ከወጣ ወዲህ፣ ከምሳ በኋላ እህቴ መኑር የአንባቢዎችን አስተያየት ከስልኳ ታነብልኛለች። ጃካርታ ዛሬም ይዘንባል፤ እኔም ደክሞኛል። ቤቱ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነን።

«አንዷ ‹ከእውነት አይለይም፤ ገበያ መውጣት ፈራሁ› ትላለች።»

«ምን ላድርጋት? ሌላስ?»

«‹እትዬ ራትሪ፣ ገዳዩን ከነጫማው ቤት ማስገባትዎ ስህተት ነው። እዚህ አገር ማን እንደዚያ ይገባል?›»

«እውነቱን ነው» አልኩ። «ገዳይም ቢሆን እናት ናት ያሳደገችው።»

መኑር ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ተቋረጠ።

«አላለቀም። ‹እኔ አውልቄ ነው የገባሁት› ይላል።»

ወደ በሩ ዞርኩ። ከእኔና ከእሷ ነጠላ ጫማዎች አጠገብ፣ በዝናብ የራሰ የወንድ ጫማ በሥርዓት ተቀምጧል።