ውኃ የጠጣው አውራ ዶሮ

ጋሼ የማተሚያውን እጀታ ወደ ታች ይስቡና ወረቀቱን አንስተው ያዩታል። የታተመው አውራ ዶሮ አሁንም ግማሽ ነው። ደረቱ ጥቁር ብሎ ወጥቷል፣ ጅራቱ ግን የለም።

"ምን ነካው ዛሬ?" ይላሉ። ዶሮው የተቀረጸበትን እንጨት ከብረት ማቀፊያው ያወጡና ከጅራቱ በታች ሌላ ቁራጭ ወረቀት ይለጥፉበታል፣ ከፍ እንዲል።

እኔ ቀለም የነካ ሮለር ይዤ ከጎናቸው ቆሜአለሁ። ከትምህርት ቤት ለልምምድ የተላክሁ ነኝ። ቀለም እቀባለሁ፣ ወረቀት አቀብላለሁ፣ ሥራ ሲያልቅ ሁሉንም አጸዳለሁ። ጋሼ ጅራቱ ለምን እንደጠፋ አያውቁም። እኔ አውቃለሁ።

ዶሮውን የቀረጹት ሟች ባለቤታቸው ናቸው። ከዚህ ማተሚያ ቤት የሚወጣ ካርድ ሁሉ ጥጉ ላይ ይህ ዶሮ አለበት። ሆዱ ትልቅ ስለሆነ ደንበኞች "ይሄ አውራ ዶሮ እንቁላል የሚጥለው መቼ ነው?" እያሉ ይቀልዳሉ። ጋሼም "ስትቀርጸው እርጉዝ ነበረች፣ ምን ታድርግ!" ብለው ጥግ ላይ ካርድ ወደምታጥፈው ልጃቸው በአገጫቸው ያሳያሉ።

የመጀመሪያው ቀን ነግረውኛል። ከእርሳስ ብረት የተሠራውን ፊደል በፈለግሽው እጠቢው፣ እንጨቱን ግን በነጭ ጋዝ ብቻ፣ እንጨት ውኃ አይወድም ብለውኛል። ትናንት ጋዙ አልቆ ነበር። ሱቁ መንገዱን ተሻግሮ ነው፣ ያችን ታህል መሄድ ሰነፍሁ። ጓደኞቼ እየጠበቁኝ ስለነበር ዶሮውን በሳሙናና በውኃ ፈትጌ፣ ቶሎ እንዲደርቅ ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ አስቀምጬው ወጣሁ። ዛሬ ጠዋት ስመጣ ቆልመም ብሎ አገኘሁት። ምንም እንዳላደረገ ሰው ወደ ቦታው መለስሁት።

"አንቺ ልጅ፣ ዓይንሽ የወጣት ነው። እስቲ እዪልኝ፣ እንጨቱ ቀጥ ብሏል?"

ዓይኔ ድረስ ከፍ ያደርጉልኛል። ጠማማነቱን ዓይን ያለው ሁሉ ያየዋል። የሳሙናው ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ ፊቴን ዞር አደርጋለሁ።

"ቀጥ ብሏል ጋሼ።"

"እንግዲያው ያበላሸው እጄ ነዋ።"

ልጃቸው ከካርዱ ቀና ትላለች። "አባዬ፣ ለምን አርፈህ አትቀመጥም? ባለፈውም ወረቀት ገልብጠህ ስታስገባ ነበር።"

"ያኔ መነጽሬን ረስቼ ነው።"

"ዛሬስ?"

ጋሼ እንጨቱን ማቀፊያው ውስጥ አስገብተው ጥብቅ አድርገው ያስሩታል፣ እኔ ቀለም እቀባለሁ፣ እሳቸው እጀታውን ከቅድሙ ጠንከር አድርገው ይስባሉ። ቀጭ የሚል ድምፅ እንሰማለን። ወረቀቱን ሲያነሱት ዶሮው ከአንገቱ እስከ ጅራቱ ተሰንጥቋል።

ጋሼ ግን ዶሮውን አያዩትም። የሚያዩት ቀኝ እጃቸውን ነው። ይዘረጉታል፣ ይጨብጡታል፣ ደግሞ ይዘረጉታል።

"ልኩ ጠፋኝ" ይላሉ። "ዕድሜ ልኬን የሳብሁት እጀታ ልኩ ጠፋኝ። የእናትሽን ዶሮ ሰበርኩት።"

ልጃቸው ተነስታ ትከሻቸውን ትይዛለች። "እንጨት ነው አባዬ። ምንም አይደል።"

"ያ ሰውዬ፣ ማሽኑን ልግዛ ያለው፣ ስልኩ አለሽ?"

"አለኝ።"

"በይ ደውዪለት። ሌላም ሳልሰብር።"

ስትጨቀጭቃቸው የኖረችው ይህንኑ ነው። አሁን ግን ስልኳን ስታወጣ ፊቷ ላይ ደስታ የለም። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ብዬ አስባለሁ፣ በማሰቤም አፍራለሁ። ስልኩ መጥራት ይጀምራል።

"እኔ ነኝ ጋሼ።"

"ምኑ?"

"ዶሮውን ትናንት በውኃ አጠብኩት። ጋዝ አልቆ ነበር። ፀሐይ ላይ አስጥቼው ተጣመመ። ቀጥ ብሏል ያልኩዎት ውሸቴን ነው።"

ልጃቸው ስልኩን ትዘጋለች። ጋሼ እንጨቱን ያወጡና አፍንጫቸው ሥር ያደርጉታል። ይቆጡኛል ብዬ አንገቴን ስደፋ ሳቃቸውን እሰማለሁ።

"ሳሙና!" ብለው ለልጃቸው ያቀርቡላታል። "አሽትቺውማ! እጄ አይደለም! ይኸው፣ እጄ አይደለም!" ቀኝ እጃቸውን ከፍ አድርገው ያሳዩናል፣ ጀርባዬንም ቸብ ያደርጉኛል። ምነው በጥፊ ባሉኝ እላለሁ በልቤ።

እንደሳቁ እንጨቱን ጠረጴዛው ላይ ሊያኖሩት ሲሉ ዓይናቸው ዶሮው ላይ ይወድቃል። በደንብ ያዩት ገና አሁን ነው። ሳቁ ከፊታቸው ላይ ቀስ እያለ ይሄዳል። አውራ ጣታቸውን አንገቱ ላይ ያሳርፉና ስንጥቁን ተከትለው እስከ ጅራቱ ይወርዳሉ።

"ውይ" ይላሉ። "ውይ፣ የኔ እመቤት።"

ልጃቸው ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞራለች። እኔ የምይዘው የምጨብጠው ይጠፋኛል።

"ሂጂ፣ ጋዝ ይዘሽ ነይ" ይሉኛል ጋሼ ቀና ሳይሉ።

መንገዱን ተሻግሬ ጋዙን ይዤ ስመለስ ሮለሩ ላይ ያለው ቀለም እንኳ አልደረቀም። ጋሼ ጨርቁን ያቀብሉኛል። ጋዝ አርሼ ዶሮውን እጠርጋለሁ፣ ሆዱን፣ ክንፉን፣ ከዚያም ስንጥቁን። ስንጥቁ ጋዙን ይጠጣዋል። ደግሜ አርሳለሁ፣ ደግሞ ይጠጣዋል።