ሩብ ሰዓት የሚፈጅ ገጽ

በነቀምቴ ከተማ፣ ከኒሳ ቀሴ ሰፈር ያለው የኦቦ ዳዲ ሆቴል ድረ ገጽ ለመከፈት ሩብ ሰዓት ይፈጃል። ይህን ያሉት ራሳቸው ኦቦ ዳዲ ናቸው። ኦቦ ዳዲ ደግሞ አይዋሹም።

«ጉልበቴ አለቀ፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ» አሉት ድረ ገጹን የሚሠራላቸውን ጋሩማን። «ጠዋት ጠዋት ስከፍተው እግሬ ይደነዝዛል። እስከ ዓርብ ካላፈጠንከው ሥራውን ለአዲስ አበባ ልጆች እሰጣለሁ።»

ጋሩማ «እሺ» አለ። ብዙ አይናገርም። ልጅነቱን ያሳለፈው ኪራሙ ገበያ ጆንያ ሲሸከም ነው፤ የተጫነ ሰው እንደማይሮጥ ወገቡ ያውቃል። ሌላ እንጀራም የለውም።

ድረ ገጹም ተጭኗል። ፕለጊን የሚባሉት፣ ገጹ ላይ የሚገጠሙ ተጨማሪ መሣሪያዎች፣ አርባ አልፈዋል። አብዛኞቹን ያስገጠመችው እንግዳ ተቀባይዋ ወርቂቱ ናት። አንዱ አበባ ያዘንባል፣ አንዱ ጎብኚ ይቆጥራል፣ አንዱ ደግሞ ገጹ በተነካ ቁጥር እልል ይላል።

«ማሎ፣ ያ ጋሩማ፣ እባክህ! እልልታዬን አትንካብኝ» አለች። «ሙሽሮች የሚመጡት እሱን ሰምተው ነው።»

«ይከብዳል።»

«አንተ ነህ የምትከብደው! በእኔ ስልክ እኮ ወዲያው ነው የሚከፈተው።»

ይህን ያለችው ለእልልታዋ ጠበቃ ቆማ መሆኑ ገባው። አጠፋው። አበባውንም አስከተለ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ወርቂቱ ሻይ አላቀረበችለትም።

በራሱ ኮምፒውተርም ገጹ ገና ሳይነካው ብቅ ይላል። ጋሩማ አልተታለለም፤ ማሽኑ ገጹን ቀድሞ ስላስቀመጠው ነው ብሎ አለፈው።

ሐሙስ ጠዋት ኦቦ ዳዲ ከሱሪያቸው ጉልበት ላይ አቧራ እያራገፉ ከክፍላቸው ወጡ።

«ዛሬስ እንዴት ነው?» አለ ጋሩማ።

«ባሰበት እንጂ! ኑኑ ቁምባ ወረዳ ያለችው እህቴ ታማብኛለች፤ ዛሬማ ጭራሽ አልከፈት አለ።»

«እግዜር ይማርልዎ» አለና ሌላ ዐሥር ፕለጊን ነቀለ።

ዓርብ ሲደርስ የቀረው የክፍል ማስያዣው ብቻ ነበር። ጥርሱን ነክሶ እሱንም ነቀለው። ሆቴሉ በስምና በስልክ ቁጥር ብቻ ራቁቱን ቀረ። ወርቂቱ አይታ ፊቷን አዞረች።

«ያው ነው» አሉ ኦቦ ዳዲ። «እንዲያውም ድምፄ ተዘጋ። ለአዲስ አበባዎቹ ልደውል ነው።»

«በፊቴ ይክፈቱት!» አለ ጋሩማ። ሆቴሉ ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር የመጀመሪያው ነበር።

ኦቦ ዳዲ ወደ ክፍላቸው አስገቡት። በሩን ዘጉ። ስልኩን በጥንቃቄ አልጋው ላይ አኖሩ።

«ሰዓትህን ያዝ» አሉ። «ጀምር።»

ጋሩማ ያዘ።

ኦቦ ዳዲ አልጋው አጠገብ ተንበረከኩ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው እጃቸውን ከስልኩ በላይ ዘረጉና፣ «አባት ሆይ፣ ይህን ገጽ ከመንካታችን በፊት፣ በመጀመሪያ ስለ ነቀምቴ ከተማ…» ብለው ጀመሩ።