ከሰዓት በኋላ የሚተሳሰር አንደበት

"እዩዋት! አሁን ይቺ ናት ልጅ የምታሳድገው?" አለ ጦልሃ፣ ሚስቱን በጣቱ እየጠቆመ...

ሳቢሪን ልትመልስለት አፏን ከፈተች።

ምላሷ ተሳሰረ። ግራ ዓይኗም ቀስ እያለ ወረደና ግማሹ ተከደነ...

"አያችሁ? ሀራራ ነው! ተደብቃ ትቅማለች ስላችሁ አላመናችሁኝም!"

ቦታው ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ የሐጂ ዑግባድ ግቢ ነው። ሽማግሌዎቹ የተሰበሰቡት ጦልሃ "ልፈታት ነው፣ ልጃችንን ዐማልን ግን እኔ ነኝ የማሳድጋት" ስላለ ነው።

ሳቢሪን ታይዋን ገበያ ልብስ ትሸጣለች። ጠዋት ደንበኛ ስትጠራ ድምጿ መንገድ ማዶ ይሰማል። ከሰዓት በኋላ ግን ዓይኗ ይከደናል፣ ቃላቷ ይጎተታሉ...

ድሬ ላይ ደግሞ በዚያ ሰዓት ዓይኑ የፈዘዘ ሰው ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። "ጫቷ ቀርቶባት ነው" ተባለች፣ አለቀ።

ጫት እኮ አፏ ገብቶ አያውቅም!

ሆስፒታል ሄዳ የደም ምርመራ አድርጋ ነበር። ውጤቱ ሲደርስ የሚደወልበት ስልክ ብሎ ጦልሃ ያስመዘገበው የራሱን ነው። ከዚያ "ደውለው ነበር፣ ምንም የለባትም አሉ" አላት።

አመነችው... ማን ባሏን ይጠረጥራል?

ያን ቀን ሽማግሌዎቹ ፊት ግን እህቷ ቱሪያ አላስቻላትም።

"አቦ በቃ! ሐኪሙን ራሴ ልጠይቀው?"

ሳቢሪን ራሷን ነቅንቃ እሺ አለቻት። ቱሪያ ደወለች፣ ድምጹንም ሁሉም እንዲሰማው አደረገችው።

"ዶክተር ይትባረክ፣ የሳቢሪን እህት ነኝ። እሷም አጠገቤ ናት። ውጤቷ ምን ሆነ?"

"እንዴ! እስካሁን መድኃኒቱን አልጀመረችም?"

"የምን መድኃኒት?" አለች ቱሪያ።

"ማያስቴኒያ ግራቪስ የሚባል በሽታ ነው" አለ ሐኪሙ። "የጡንቻ ሴሎቻችን ሽፋን ላይ ተቀባይ የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ። ሽፋኑን አቋርጠው፣ አንድ ጫፋቸው ውጭ አንድ ጫፋቸው ውስጥ ሆኖ ይቆማሉ። ነርቭ 'ተንቀሳቀስ' የሚል መልእክት በኬሚካል ሲልክ ውጭ ያለው ጫፍ ይቀበላል፣ መሃሉ ላይ ያለችው ቀዳዳ ትከፈታለች፣ ጡንቻው ይታዘዛል። የሳቢሪን ሰውነት በሽታ መከላከያ ግን እነዚህን ተቀባዮች ጠላት መስለውት ያጠቃቸዋል። አንጎሏ ያዛል፣ ጡንቻዋ አይሰማም። ስታርፍ ይሻላታል፣ ቀኑ ሲገፋ ይብስባታል።"

ቀጠለ...

"ይሄን ሁሉ ለባለቤቷ ነግሬዋለሁ እኮ! 'ከሰዓት በኋላ መናገር ይከብዳታል፣ ጉዳይ ካላችሁ ጠዋት አድርጉት' ብዬዋለሁ።"

ሐጂ ዑግባድ ወደ ጦልሃ ዞሩ።

"ሁላችንም ጠዋት እንሰብሰብ ስንል 'አይሆንም፣ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ይሁን' ያልከው አንተ አይደለህም?"

ጦልሃ ላቡን ጠረገ።

"ታዲያ ምን ላድርግ? የታመመች ሚስቱን ጥሎ ሄደ እንዲሉኝ ነው?"

ወገኖቼ... ይሄን ስሰማ ደሜ ፈላ! የእሱ ስም እንዳይጠፋ የእሷን ስም አጠፋ። በሽታዋን ደበቃት። አፏ የሚዘጋበትን ሰዓት መርጦ ልጇን ሊነጥቃት መጣ!

"ነገ ጠዋት እሷን እንሰማለን" አሉ ሐጂ። "እስከዚያ ልጅቷ ከእናቷ ንቅንቅ አትልም።"

በማግስቱ ሳቢሪን ፊታቸው ቆመች። ድምጿ ጥርት ብሎ ወጣ።

"ሰውነቴ የጎዳኝ የራሱን አካል ጠላት ነው ብሎ ተሳስቶ ነው። አንተ ግን ማን እንደሆንኩ እያወቅክ ነው የጎዳኸኝ።"

ዐማል ከእናቷ ጋር ቀረች።

አሁን ሳቢሪን መድኃኒቷን ጀምራለች፣ ደህና ናት። ጦልሃ ግን እነዚያኑ ሽማግሌዎች "አስታርቁኝ" እያለ ደጅ እየጠና ነው... ዓይን አውጣ!

ትምህርቱ፦ መልስ ያጣ ሰው ሁሉ ጥፋተኛ አይደለም። ከመፍረዳችን በፊት፣ መናገር በሚችልበት ሰዓት እንስማው።

እናንተ በሳቢሪን ቦታ ብትሆኑ በሩን ትከፍቱለት ነበር? እኔ በበኩሌ አልከፍትም... እናንተስ? ኮሜንት ላይ ንገሩኝ።